የሲቢዲ ዘይት ቤት ውስጥ ላዘጋጅ? ለአንድ የድሬዳዋ ልጅ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ሁለቱም ጉልበቶቿ ይጠዘጥዟታል፤ የግራው ይብሳል። ሌሊቱን ስትገላበጥ ነው የሚነጋው። ባቷ ላይ ሁለት ጊዜ ደም ረግቶባት ስለነበር ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን ትወስዳለች፤ ለደም ግፊት ደግሞ አምሎዲፒን። አሜሪካ ያለችው እህቴ ከካናቢስ (ከሐሺሽ) ተክል የሚወጣ 30 ሚሊ ሊትር የሲቢዲ ዘይት በሰው ላከችልን። ጠርሙሱ ላይ 1000 ሚሊ ግራም ይላል። ‹ማታ ማታ ከምላሷ ሥር 10 ጠብታ አድርጉላት› ብላለች። እስካሁን አልጀመርንም፤ ሲያልቅ ዋጋው አይቻልማ። ቅጠሉን የሚያመጣልኝ ሰው አለ፤ በዘይት እያሞቁ ማዘጋጀት እንደሚቻልም በቪዲዮ አይቻለሁ። የምንኖረው ሳቢያን ነው፤ ያለን ፈርኔሎና አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። እንዴት ላዘጋጀው? መጠኑስ ስንት ይሁን?»

ወንድሜ፣ የድሬ ልጅ ስለሆንክ አንቱታውን ትቼ በአንተ ልቀጥል። መልሱን ከፊት ላስቀምጠው፦ አታዘጋጀው። እህትህ የላከችውንም ጠርሙስ፣ እናትህ ዋርፋሪን እየወሰዱ ሳለ አትክፈተው። «አይሆንም» ብሎ ሰው ማሰናበት ለፋርማሲስት ቀላሉ ሥራ ነው፤ እኔም በዚህ ብጨርሰው አንተ ወደ ቪዲዮው ትመለሳለህ። ስለዚህ ምክንያቱን ልዘርዝር፤ ከዚያ በገዛ ምድጃህ ልታዘጋጀው የምትችለውን፣ እናትህንም የማይጎዳውን ነገር አሳይሃለሁ። ሁለት ጥያቄ ነው የጠየቅኸው። ክብደቱ ያለው በሁለተኛው፣ «መጠኑስ?» ባልከው ላይ ነው።

ሲቢዲ፣ በሙሉ ስሙ ካናቢዲዮል፣ በካናቢስ ተክል ውስጥ ከሚገኙ ከመቶ በላይ ተቀራራቢ ውህዶች አንዱ ነው። ሌላው ስመ ገናናው ቲኤችሲ ነው፤ አእምሮን የሚያሰክረው እሱ ነው። ሲቢዲ አያሰክርም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም ጉዳዩን መርምሮ ንጹሕ ሲቢዲ ሱስ የማስያዝ ባሕርይ እንዳልታየበት ገልጿል። ዝናው በዓለም የናኘው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ሻርሎት ፊጊ የምትባል የኮሎራዶ ሕፃን ድራቬት በሚባል ከባድ የሚጥል በሽታ ትሠቃይ ነበር፣ ሲቢዲ የበዛበት ዘይት ሲሰጣት መጣሉ እጅግ ቀነሰላት፤ ታሪኳም በቴሌቪዥን ታየ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በአግባቡ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤፒዲዮሌክስ የተባለውን የሲቢዲ መድኃኒት ለሁለት ዓይነት የልጅነት የሚጥል በሽታዎች ፈቀደ። ይህ መድኃኒት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም ሲቢዲ አለው። የተሟሟበት ዘይት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የሰሊጥ ዘይት ነው። ሁመራ የሚያበቅለው ሰሊጥ! ዘይቱማ እኛም አገር ሞልቷል። የሌለን «ይህ 100 ሚሊ ግራም ነው» ብሎ የሚመሰክር የላቦራቶሪ መሣሪያ ነው፤ ያ ከሌለ ደግሞ በእጅህ ያለው ዘይት እንጂ መድኃኒት አይደለም።

እስኪ ወረቀትና እስክሪብቶ አንሣ። ያ ሰው 10 ግራም የደረቀ አበባ አመጣልህ እንበል፤ አንተም 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ውስጥ ነከርከው። በአበባው ውስጥ ያለው ሲቢዲ ከክብደቱ 1 በመቶ ከሆነ ጠቅላላው 100 ሚሊ ግራም ነው፤ ሁሉም ወደ ዘይቱ ቢገባ እንኳ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ሚሊ ግራም ይደርስሃል። 15 በመቶ ከሆነ ደግሞ በሚሊ ሊትር 15 ሚሊ ግራም። አሥራ አምስት እጥፍ ልዩነት ማለት ነው፤ ሁለቱ ዘይቶች ግን በቀለምም በመዓዛም አይለያዩም። ከአበባው ምን ያህሉ ወጣ፣ ምን ያህሉ በሙቀት ተበላሸ፣ ምን ያህሉ ከማጥለያው ጨርቅ ጋር ተጣለ የሚለው ገና አልተቆጠረም።

ይህ ደግሞ ቀላሉ ክፍል ነው። በአሜሪካ ሕግ «ሄምፕ» የሚባለው ቲኤችሲው ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ ዝርያ ነው፤ ሲቢዲ እንዲበዛለትም ለዓመታት እየተመረጠ የተዳቀለ ነው። በአፍሪካ ውስጥ ለማጨስ ሲባል የሚበቅለው ግን በአብዛኛው ተቃራኒው ነው፤ ቲኤችሲው ብዙ፣ ሲቢዲው ኢምንት። የሚመጣልህ አበባ 10 በመቶ ቲኤችሲ ካለው፣ ከላይ ባየነው ስሌት ዘይትህ በሚሊ ሊትር እስከ 10 ሚሊ ግራም ይይዛል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ 2.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ 25 ሚሊ ግራም ቲኤችሲ ሆነ ማለት ነው። ድሮናቢኖል የሚባለው በፋብሪካ የሚሠራ የቲኤችሲ መድኃኒት አለ፤ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ በ2.5 ሚሊ ግራም ይጀምሩታል። ለእናትህ በመጀመሪያው ማታ አሥር እጥፉን ሰጠህ ማለት ነው። በአፍ የተወሰደ ቲኤችሲ ደግሞ ወዲያው አይሰማም፤ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። «ምንም አልተሰማኝም» ሲሉህ ሌላ ግማሽ ማንኪያ ትደግማለህ። እኩለ ሌሊት ላይ ልባቸው እየደለቀ፣ ያሉበትን ክፍል እንኳ እየዘነጉ፣ ከአልጋ ሲነሡ የደም ግፊታቸው ወርዶ ዓይናቸው ይጨልማል። ይወድቃሉ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ወድቆ ራሱን ከመታ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ይህን የምጽፈው ላስፈራራህ አይደለም፤ እያንዳንዱ እርምጃ ተራ በተራ ምን እንደሚያስከትል እንድታይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ቪዲዮዎቹ እንደ ዋዛ ያልፉታል። በአረንጓዴው ተክል ውስጥ ያለው ሲቢዲ ራሱ ሳይሆን አሲድ የሆነው ዘመዱ ነው፤ ወደ ሲቢዲ የሚለወጠው በተመጠነ ሙቀት ለተወሰነ ጊዜ ሲቆይ ነው። ሙቀቱ ካነሰ አይለወጥም፣ ከበዛ ይበላሻል። ቴርሞሜትር ያለው ምድጃ ለያዘ ሰው ይህ የሚቻል ሥራ ነው። ከሰሉ ሲበርድ እሳቱን በማራገቢያ፣ ሲግል በዐመድ በሚመጥኑበት ፈርኔሎ ላይ ግን ዘበት ነው።

ዘይቱን በአልኮል ወይም በጋዝ ማውጣት የሚያሳዩትን ደግሞ ጭራሽ አትመልከታቸው። የአልኮል ትነት እሳት ለመያዝ ከ20 ዲግሪ በታች የሆነ ሙቀት ይበቃዋል፤ ድሬዳዋ ውስጥ ቤትህ ከዚያ በታች የሚሆነው መቼ ነው? በግንቦት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጥላ ሥር እንኳ ከዚያ በላይ ነው። ከሰል በተያያዘበት ወጥ ቤት አልኮል ማትነን ቤት ለማቃጠል ማመልከቻ እንደ መጻፍ ነው። ለቁስል ማጽጃና ለማንደጃ የሚሸጡት አንዳንድ አልኮሎች ደግሞ ሜታኖል ይቀላቀልባቸዋል፤ ሜታኖል ዓይን ያጠፋል።

አሁን ወደ እህትህ ጠርሙስ እንምጣ። እሷ በቅን ልብ ነው የላከችው፤ አንተም አትቆጣት። በ30 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1000 ሚሊ ግራም ካለ፣ አንዱ ሚሊ ሊትር 33 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናል ብንል፣ አሥር ጠብታ 16 ወይም 17 ሚሊ ግራም ነው። ይህ እንግዲህ ጽሑፉ እውነት ከሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶችን ገዝተው በላቦራቶሪ መርምረው ነበር። በላዩ የተጻፈውን ያህል በትክክል ይዞ የተገኘው ከሦስቱ አንዱን እንኳ አልሞላም፤ 31 በመቶው ብቻ ነበር። በ18ቱ ላይ ቲኤችሲ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ገበያው የተሻሻለ ነገር ይኖረዋል፤ ሆኖም አምራቹ ለእያንዳንዱ ዙር ምርት የላቦራቶሪ ውጤት ካላወጣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር የሻጭ ቃል ነው። የሄምፕ ዘር ዘይት ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው፤ ለሰላጣ ጥሩ ነው፣ ሲቢዲ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ጠርሙሱን ገልብጠህ ተመልከት፤ «የዘር ዘይት» የሚል ካገኘህ ክርክራችን በግማሽ ቀለለ።

አሁን ስለ ዋርፋሪን። ይህን ክፍል ቀስ ብለህ አንብበው፤ ቢቻል ለእናትህም አንብብላቸው።

ዋርፋሪን ጠባብ መንገድ ላይ የሚሄድ መድኃኒት ነው። ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ደም ይፈሳል። ለዚህ ነው በየጊዜው አይኤንአር የሚባለውን የደም ምርመራ የሚያደርጉት፤ እንደ እናትህ ባት ላይ ደም ለረጋበት ሰው ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ እንዲሆን ይፈለጋል። ዋርፋሪንን ሰብሮ የሚያስወግደው ጉበት ነው፤ ጉበት ውስጥም ይህን ሥራ በዋናነት የሚሠራ አንድ ኢንዛይም አለ። ሲቢዲ ያንኑ ኢንዛይም ያዳክመዋል። ስለዚህ እናትህ የሚውጡት የዋርፋሪን ኪኒን ሳይለወጥ በደማቸው ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ይላል። ለሚጥል በሽታ ሲቢዲ የጀመረና ዋርፋሪን የሚወስድ አንድ ታካሚ በሕክምና መጽሔት ላይ ተመዝግቦ አለ፤ አይኤንአሩ እየጨመረ ስለሄደ ሐኪሞቹ የዋርፋሪኑን መጠን 30 በመቶ ያህል ለመቀነስ ተገደዋል። እሱ ግን የሚወስደው የታወቀ መጠን ነበር፣ ምርመራውም በቅርብ ይደረግለት ነበር። ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ዘይት ግን ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው ጉልበቱ ይለያያል። የመጋቢቱ ድስት ደካማ፣ የሚያዝያው ብርቱ ይሆንና ሐኪሙ የአይኤንአሩ መዋዠቅ ከየት እንደመጣ ሳይገባው ዋርፋሪኑን ሲጨምርና ሲቀንስ ይከርማል።

አምሎዲፒንም በጉበት የሚሰበር መድኃኒት ነው፤ ሲቢዲ በእሱም መንገድ ላይ ሊቆም ይችላል። በዚያ ላይ ሲቢዲ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ራሱ ጉበትን እንደሚያስቆጣ በኤፒዲዮሌክስ ጥናቶች ታይቷል፤ ለዚህ ነው መድኃኒቱን የሚያዝዙ ሐኪሞች አስቀድመው የጉበት ምርመራ የሚያደርጉት።

ምናልባት ይህን ሳታነብ እናትህ ጠብታውን ጀምረው ቢሆን ዋርፋሪኑን በራስህ እንዳትነካካ። ጠብታውን አቁምና በዚያው ሳምንት አይኤንአር አስለካ፤ ለሐኪሙም ሳትደብቅ ንገረው። ድድ ያለ ምክንያት ከደማ፣ ሽንት ከቀላ፣ ዓይነ ምድር እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ከወደቁ በኋላ ራስ ምታት ከበረታባቸው ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርተህ ወደ ሆስፒታል ውሰዳቸው።

ይህን ሁሉ ጣጣ ተሻግረን፣ ለመሆኑ ሲቢዲ ለጉልበት ይሠራል ወይ? እስካሁን ባለው ማስረጃ አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት የእጅ መገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን በቀን ከ20 እስከ 30 ሚሊ ግራም ሲቢዲ፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ለ12 ሳምንት ሰጠ፤ በሕመሙ ላይ ልዩነት አልታየም። «መጠኑ ስላነሰ ነው» ትለኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኦስትሪያ ውስጥ የተሠራው ጥናት ልክ እንደ እናትህ የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ላለባቸው ሰዎች ከፓራሲታሞል በተጨማሪ በቀን 600 ሚሊ ግራም ሰጥቶ አየ፤ ከባዶው መድኃኒት የተሻለ ነገር አላገኘም። ይህንን 600 ሚሊ ግራም ከእህትህ ጠርሙስ ለማግኘት በቀን 18 ሚሊ ሊትር መጠጣት ያስፈልጋል፤ ጠርሙሱ ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም። አሥር ጠብታ ለጉልበት ምን ያደርጋል የሚለውን ከዚህ ተነሥተህ ራስህ ፍረድ። «ለእኔ ግን ረድቶኛል» የሚሉ ሰዎች ውሸታም ናቸው አላልኩም፤ የጉልበት ሕመም አንድ ሳምንት ሲብስ አንድ ሳምንት ሲተው የሚኖር ነገር ስለሆነ፣ በተወው ሳምንት የተወሰደው ነገር ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል።

ስለ ሕጉ አላስረዝምም፤ ታውቀዋለህ። በእህትህ አገር ሄምፕ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እንደ ማንኛውም እርሻ ይታያል። እኛ ዘንድ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ መያዝንና ማዘዋወርን በእስራት ያስቀጣል፤ ካናቢስም ከዚያ ውስጥ ነው። መድኃኒት ወደ አገር የሚገባው ደግሞ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ነው። «ለእናቴ ነው» ማለትህ ቅጠሉን ይዘህ ደቻቱ ድልድይ ላይ ብትያዝ ልብ ያራራ ይሆናል እንጂ ክሱን አያስቀርም። እናትህ ጉልበታቸው እያመመ ማረሚያ ቤት ስንቅ ሲያመላልሱ ማሰብ አልፈልግም።

እንግዲህ እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥም፤ ለማሻሻ የሚሆን ዘይት አዘጋጅላቸው። የሚዋጥ ሳይሆን የሚቀባ ስለሆነ፣ ውስጡ ያለው ቅመም ትንሽ ቢበዛ ትንሽ ቢያንስ ማንንም አይጎዳም። እውነቱን ለመናገር ትልቁን ሥራ የሚሠራው ቅጠሉ ሳይሆን ሙቀቱና የእጅህ እሽት ነው።

ቀፊራ ገበያ ሄደህ የጥብስ ቅጠል ግዛ። ትኩሱን ከገዛህ ጥላ ሥር በንጹሕ ጨርቅ ላይ በትነህ አድርቀው፤ ፀሐይ ላይ አታውለው፣ መዓዛው ይበናል። በእኛ ደረቅ አየር በጥቂት ቀናት ይደርቃል። መድረቁን የምታውቀው በጣትህ ስትነካው እንደ መታጠፍ ሳይል ተሰባብሮ ሲደቅ ነው። ይህን ነጥብ አትለፈው፤ በቅጠሉ ውስጥ የቀረ ውኃ ዘይት ውስጥ ሻጋታና ባክቴሪያ ያራባል። በዚሁ ምክንያት ትኩስ ነጭ ሽንኩርት ወይም ትኩስ ዝንጅብል ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ ማቆየት አይገባም፤ አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያስከትል መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊያድግ ይችላል። በተለይ ያንን ዘይት ኋላ ወጥ ላይ ጠብ የሚያደርግ ሰው ቤት ውስጥ አይጠፋም። ዝንጅብል ከወደድክ የደረቀውን ከትከህ ጨምር።

ዘይቱ የሰሊጥ ይሁን። ሰሊጥ በተፈጥሮው ቶሎ እንዳይበላሽ የሚከላከሉ ነገሮች አሉት፤ የኑግ ዘይት በዚህ ሙቀት ቶሎ ይኮመጥጣል። የወይራ ዘይት ጥሩ ነው፣ ዋጋው ግን ለጉልበት ማሻሻ አይመከርም። 20 ግራም የደረቀ ቅጠል ለ200 ሚሊ ሊትር ዘይት ይበቃል፤ ሚዛን ከሌለህ ቅጠሉን በእጅህ ደቅቀህ የብርጭቆ ዕቃው ውስጥ ጨምርና ዘይቱን ቅጠሉ እስኪሸፈንና አንድ ጣት ያህል እስኪያልፈው አፍስስበት። የብርጭቆ ዕቃው አንዲት የውኃ ጠብታ እንኳ እንዳይኖረው አስቀድመህ አድርቀው።

ከዚያ ድስት ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ አንጥፍ፣ የብርጭቆ ዕቃውን በላዩ አስቀምጥ፣ ዘይቱ እስካለበት ከፍታ ድረስ ውኃ ጨምር። ለዚህ ሥራ ፈርኔሎውን ተወውና የኤሌክትሪክ ምድጃህን በዝቅተኛው አድርግ። ውኃው መፍላት የለበትም፤ ከላዩ እንፋሎት ስስ ብሎ እየወጣ ከሥሩ አረፋ ሳይነሣ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይ። ውኃው ሲጎድል ጨምርበት፣ ዘይቱ ውስጥ እንዳይረጭ ግን ተጠንቀቅ። ዘይቱ ከቢጫነት ወደ አረንጓዴ ሲያደላና ሽታው ወጥ ቤቱን ሲሞላው ደርሷል። መብራት ቢጠፋ አትደንግጥ፤ ሲመጣ ከቆመበት ቀጥል፣ የሚበላሽ ነገር የለም።

ሲቀዘቅዝ በታጠበና በደረቀ ስስ ነጠላ አጥልለው። ጨርቁን አጥብቀህ አትጭመቀው፤ ደለሉ ይከተላል። አሳድረውና በማግሥቱ ከላይ የጠራውን ብቻ ጥቁር ወይም ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ ቅዳው፤ የሽሮፕ ጠርሙስ በፈላ ውኃ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ ይሆናል። ቀኑን ጻፍበት፣ «የማይጠጣ» ብለህም ጻፍበት፤ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። የድሮ ዘይት ሽታ ሲያመጣ ድፋው።

መጀመሪያ በክንዳቸው ውስጠኛ ቆዳ ላይ ጥቂት ቀብተህ አንድ ቀን ጠብቅ። ካላሳከካቸውና ካልቀላ ማታ ከመኝታ በፊት በሞቀ ፎጣ ጉልበታቸውን ካሞቅህ በኋላ፣ በአውራ ጣትህ የጉልበቱን ሎሚ ዙሪያ በቀስታ እያዞርክ እሸው። ከጉልበት በላይ ያለውን የጭን ሥጋ ማሸት ትችላለህ፤ ባታቸውን ግን አትነካካው። ደም የረጋበት ባት ተጭኖ መታሸት የለበትም፤ ይህን «አሻሻለሁ» ብለው ለሚመጡ ጎረቤቶችም ንገር። ቆዳው የቆሰለ፣ ያበጠና የጋለ ጉልበትም አይታሽም።

ዘይቱ «ጉልበት እንዲኖረው» ሚጥሚጣ መጨመር የሚያምራቸው አሉ። ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን በእርግጥም ለጉልበት ሕመም በክሬም መልክ ይታዘዛል፤ ያ ግን መጠኑ 0.025 በመቶ ተብሎ የተለካ ነው። ያንተ ድስት ቆዳ ሊልጥ ይችላል፤ የነካው እጅ ዓይን ሲያሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እንደዚሁ በየሱቁ የሚሸጡ የሚያቀዘቅዙና የሚያቃጥሉ ቅባቶች ብዙዎቹ ሜቲል ሳሊሲሌት አላቸው፤ ከአስፕሪን ጋር ዝምድና ያለው ነው፣ ሰፊ ቦታ ላይ አዘውትሮ ከተቀባ በቆዳ ገብቶ የዋርፋሪንን ኃይል ይጨምራል። ዕቃው ላይ ይህን ስም ካየህ ተወው። የጥቁር አዝሙድ ዘይትንም፣ እዚህ ብዙዎች ሐበሱዳ የሚሉትን፣ እናትህ በማንኪያ ይጠጡ ከሆነ ለሐኪማቸው ይናገሩ፤ መቀባቱ ላይ ችግር የለብኝም። በከተማችን ጥላ የሆነልንን የኒም ዛፍ ዘይት ግን ማንም አይጠጣ፣ ለልጅ ደግሞ ፈጽሞ።

ከዘይቱ በላይ የሚረዳቸው ግን ይኸውልህ። ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን እግር ወደ ፊት ቀጥ አድርገው ዘርግተው እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ያውርዱት፤ አሥር ጊዜ በአንዱ፣ አሥር ጊዜ በሌላው፣ ጠዋትና ማታ። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ሸክሙ ይቀንስለታል። ቡና ሲያፈሉ ዝቅተኛዋን በርጩማ ትተው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ረከቦቱ በጠረጴዛ ላይ ቢሆን ቡናው ቡናነቱን አይተውም። የሚሰግዱ ከሆነም ጉልበት ለታመመ ሰው በወንበር መስገድ የተፈቀደ ነው። ክብደት ካላቸው ትንሽ መቀነሱ ብዙ ያተርፋል፤ የሰውነት ክብደት በአንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል እንደሚቀንስ ተለክቷል። ፀሐይ ሳይበረታ በከዚራ ዛፎች ሥር መራመድ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ልብሱም ጫማውም ምቹ ይሁን።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል የመጀመሪያው ምርጫ ነው። በቀን ከ2 ግራም በላይ፣ ማለትም ከአራት ባለ 500 ኪኒን በላይ፣ ለተከታታይ ቀናት የሚወስዱ ከሆነ ግን አይኤንአር ለሚከታተለው ሐኪም ይነገር። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን፣ ኪኒኑም መርፌውም፣ ከዋርፋሪን ጋር አይሄዱም፤ ጨጓራ ያደማሉ። በየመድኃኒት ቤቱ «አንድ መርፌ ብቻ» እያሉ የሚጠይቁ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ያንተ እናት ከእነሱ አንዷ እንዳይሆኑ ጠብቃቸው። ዲክሎፌናክ በጄል መልክ የሚቀባው ከሚዋጠው ያነሰ ወደ ደም ይገባል፤ እሱንም ሐኪሙ አውቆ ቢፈቅድ ነው። ራጅ ካላነሡ ያንሡ፤ ፊዚዮቴራፒ ያለበት ሆስፒታል ካገኘህ ከማንኛውም ጠብታ በፊት ገንዘብህን እዚያ አውጣው።

ስለ እንቅልፋቸው አንድ ልጠይቅህ። ከቀትር በኋላ ስንት ሲኒ ቡና ይጠጣሉ? ከጎረቤት ጋር በርጫ ላይስ ይቀመጣሉ? አልጻፍክልኝም፣ ነውር ሆኖብህ ከሆነም እረዳለሁ፤ ነገር ግን ጫት እንቅልፍ የሚያባርር፣ የደም ግፊትም ከፍ የሚያደርግ ነገር ስለሆነ የሌሊቱ መገላበጥ ሁሉ የጉልበት ላይሆን ይችላል። ይህን መልስልኝ፤ ክብደታቸውንና የመጨረሻዎቹን ሦስት የአይኤንአር ውጤቶች ከነቀናቸው ጨምረህ ጻፍልኝ። ጠርሙሱ ላይ ከቁጥሩ በታች በደቃቁ የተጻፈውንም እንዳለ ገልብጠህ ላክልኝና ለሐኪማቸው የምታሳየውን ማስታወሻ አብረን እናዘጋጃለን።